የዶን አማብሌ ጨጓራ የሰጠው ቃል

ዶን አማብሌ ኪዝፔን ሞቶ ያገኘው የወንድሙ ልጅ ዴልፊን ነው። የስቅለት ዓርብ ጠዋት፣ ገና አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሆን፣ የዕለቱን መንፈሳዊ ሰልፍ ሐምራዊ ቀሚስ ለብሶ ሾጣጣ ቆቡን ብብቱ ሥር ሸጉጦ አጎቱን ሊቀሰቅስ መጣ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሽማግሌውን ከመኝታ ክፍሉ ወደ ባርኔጣ መሥሪያው በሚወርደው የእንጨት ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ አገኘው። ዴልፊን ቀሚሱን በሁለት እጁ ሰብስቦ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሮጠ። በመንገድ ያየው ሁሉ ሰልፉ ያለ ሰዓቱ የተጀመረ መስሎት ነበር።

ኢንስፔክተር ኤውዶሮ ናውላ በጓራይና ከተማ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰው ሲገደል ያየው አንዴ ብቻ ነው፤ ያኔም ገዳዩ በእግሩ መጥቶ እጁን ስለሰጠ ብዙ አላለፋውም።

"ወድቆ ነው አለቃ" አለ ሳጅን ቶራል፣ ገና የበሩን ደፍ ሳያልፍ። "ሰባ ዓመት አልፎታል፣ ደረጃው ደግሞ ገደል ነው። ይጻፉትና ወደ ሰልፋችን እንሂድ።"

"ወድቆስ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ማን አኖረለት?"

የሽማግሌው ፊት በነጭ ባርኔጣ ተሸፍኗል፤ በእጁ ከጎነጎናቸው ሁሉ ስሱ፣ ሊሸጠው እምቢ ብሎ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት የኖረው ነው። ኤውዶሮ ባርኔጣውን ሲያነሳ ዓይኖቹ ተከድነዋል። ራሱ ከኋላ ተፈንክቷል። የሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ ተበጥሶ ደረጃው አናት ላይ ወድቋል። ሰው ገፍቶ ጥሎ፣ ከዚያ ወርዶ ዓይኑን የሚከድን ምን ዓይነት ሰው ነው? ኤውዶሮ ግራ ሲገባው ከጭንቅላቱ ቀድሞ የሚያውቀው ጨጓራው ነው። አሁንም ከደረቱ በታች ያ የለመደው ቃጠሎ ጀመረው።

የሥራ ጠረጴዛው ላይ ቅርጽ ማውጫው የእንጨት ጭንቅላት፣ ጅምር ባርኔጣ፣ አንዲት ትንሽ ማንኪያ አለ። ከማንኪያዋ አጠገብ ጉንዳኖች አንድ የሳህን መቀመጫ የሚያህል ክብ ሠርተው ይርመሰመሳሉ።

"ሙጫ ይሆናል" አለ ቶራል።

ኤውዶሮም ሙጫ ይሆናል ብሎ አለፈው። በኋላ ይህን ሲያስታውስ ራሱን በጥፊ መምታት አምሮት ነበር።

*

ዶክተር ላውታሮ ፒየድራ ከኪቶ የመጣ ወጣት ነው። ጎበዝ ነው፣ ጎበዝ መሆኑንም ያውቃል። አምስት ሰዓት ላይ ምርመራውን ጨርሶ እጁን እየታጠበ ነበር።

"ገላው የሚነግረኝ ብዙ አይደለም። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ሐሙስ ከቀትር እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞተው። ይሄ ለማንም አይጠቅምም። ጨጓራው ግን ይጠቅምዎታል። ይምጡ ይዩት።"

ኤውዶሮ ማየት አልፈለገም፤ ግን አየ። ፋኔስካ ነው። ሐሙስ ቀትር ከተማው በሙሉ የሚበላው፣ አሥራ ሁለቱ ዓይነት እህል በወተትና በደረቀ አሳ የሚሠራው፣ ሥጋ ብቻ የማይገባበት የጾም ሾርባ። እሱም ራሱ ትናንት ሁለት ሳህን ጥርግ አድርጎ በልቷል።

"ግብጦው እንዳለ ነው። ባቄላውም፣ በቆሎውም። ታጥቦ ቢቀቀል ድጋሚ ይቀርባል።"

"በእግዚአብሔር ዶክተር፣ እንዲህ አይበሉኝ።"

"ላዩ ላይ ደግሞ ጥቁር ጣፋጭ ፍሬ አለ፣ ከምሳ በኋላ የቀረበ መሆኑ ነው። ጤነኛ ጨጓራ ይሄን ምግብ በአሲዱ እያራሰ፣ እየጨመቀ ሊጥ ያደርገዋል። በአራት በአምስት ሰዓት ውስጥ አብዛኛውን ወደ አንጀት ያሳልፋል። ይሄ ገና አልተነካም። ስንት ሰዓት ላይ ነው የበላው?"

"ሰባት ሰዓት፣ ምራቱ ቤት።"

"እንግዲያው ቢዘገይ ቢዘገይ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞቷል። ፈርሜ እሰጥዎታለሁ።"

"ይሄ ጠባሳስ?" ከእምብርቱ በላይ ተነሥቶ ደረቱ አጥንት ድረስ የወጣ አሮጌ ስፌት ነበር።

"ሐሞት ከረጢት ይሆናል። ድሮ በግ እንደሚታረድ ነበር የሚከፍቱት" አለና ዶክተሩ ፈረመ።

*

ምራቱ ሶይላ የዶን አማብሌ የሟች ልጅ ሚስት ናት። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ልጅቷን እናቷ ዘንድ ትታ በሽርጧ መጥታ ስድስት ሰዓት ላይ ጣቢያው ውስጥ ከኤውዶሮ ፊት ተቀመጠች።

"ምሳ ላይ ስትጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል።"

"ሰምቶ ከሆነ እውነቱን ነው። ልታገባ ነው ብለው ነገሯቸው። አባባ ተቆጡ። እኔም ተቆጣሁ። ባሌ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው ጌታዬ፣ ግድግዳ አይደለሁም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ታረቅን። እንደየዓመቱ ፋኔስካውን ግማሽ ሳህን ብቻ በልተው 'በቃኝ፣ ቦታ ልተው' አሉ። ሩዝ በወተት ሠርቼ ነበር፤ አልነኩትም። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ክንዳቸውን ይዤ ቤታቸው አደረስኳቸው።"

"ደረጃውን አብረሽ ወጣሽ?"

"ታች ትቻቸው ተመለስኩ። ድስት አጠብኩ። ብቻዬን ነበርኩ፣ ልጄ እናቴ ጋ ነበረች። ምስክር የለኝም ልትሉኝ ከሆነ፣ የለኝም።"

እንዲህ በግልጽ መናገሯ ኤውዶሮን የበለጠ ግራ አጋባው። ውሸታም ሰው ቢያንስ አንድ ምስክር ይፈልጋል። ነገር ግን የሐኪሙ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሌላው ሰው ሁሉ ደግሞ በዚያ ሰዓት ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ ላይ ነበር። ዴልፊን እንኳ፣ በአጎቱ ቤት ውርስ ሲነታረክ የኖረው ዴልፊን፣ ከስድስት እስከ አስር ሰዓት ሃያ ሰው እያየው ለሰልፉ የክርስቶስ ምስል የሚጫንበትን ቃሬዛ መሸከም ሲለማመድ ነበር። ዓቃቤ ሕጉ በስልክ ተቆጣ፤ ነገ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሴትዮዋ ዳኛ ፊት ትቅረብ፣ ከዚያ ኩዌንካ ወህኒ ቤት ትወሰድ አለ።

"ልጄስ?" አለች ሶይላ።

"እናትሽ ጋ ናት አልሽ አይደል?"

"እናቴ አንድ ዓይኗ ነው የሚያየው" አለች።

*

ስምንት ሰዓት ላይ ዶኛ ኤርሜሊንዳ መጣች። የዶን አማብሌ የግቢ ጎረቤት ናት፤ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ አግብታ አታውቅም። ጥቁር ሻሏን እስከ አገጯ ጠቅልላ፣ የጣቶቿ ጫፍ ጠቁሮ፣ ቆማ ተናገረች።

"ሶይላን ልቀቃት ልጄ። አማብሌን ትናንት ማታ በሕይወቱ አይቼዋለሁ። በመስኮት። አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ።"

"ዶኛ ኤርሜሊንዳ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ደወል አይደወልም። ሰዓቱን እንዴት አወቁት?"

"በደወሉ ፈንታ የእንጨት ማንቋቋውን ሲመቱ አልሰማህም? ሰው ሁሉ እንደ ሐሙስ ማታ ልማዱ ሰባቱን አብያተ ክርስቲያናት ሊዞር ሲወጣ ነው።"

"ሐኪሙ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞቷል ይላል።"

"ሐኪሙ በመስኮት አይቶታል?"

ኤውዶሮ ቃሏን ጻፈ፣ አስፈረማት፣ ሸኛት። አሮጊት ናት፣ የጎረቤቷ ምራት አሳዝናት ነው፣ ያልነበረ ነገር ታያት ብሎ አሰበ። ቢሆንም ነገሩ ከሆዱ አልወጣለትም። ጨጓራ አይዋሽም፤ ዶኛ ኤርሜሊንዳም በዕድሜዋ ዋሽታ አታውቅም።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰልፉ አልፎ የሐምራዊ ቀሚሱ መንጋ ሲበተን፣ ተመልሳ መጣች።

"አንድ የረሳሁት አለ። ቡናማ ሹራቡን ለብሶ ነበር። የሥራ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ። አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር።"

"ቅድም በመስኮት አሉኝ።"

"በመስኮት፣ በበር፣ ምን ለውጥ አለው? ተቀምጦ ነበር አልኩህ።"

ሬሳው ቡናማ ሹራብ ነበረው። ግን ዶን አማብሌ ቡናማ ሹራቡን ለብሶ የማይታይበት ቀን የለም። ኤውዶሮ ይህንንም ጻፈ። ቶራል አሮጊቷ ስትወጣ ጠብቆ፣ "ነገ ደግሞ ምን በልቶ እንደነበር ትነግረናለች" ብሎ ሳቀ።

*

ሜሲያስ የዶን አማብሌ የሥራ ባልደረባ ነው፤ አርባ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሣር ጎንጉነዋል። ኤውዶሮ ወደ ቤቱ የሄደው ስለ ዴልፊን ሊጠይቅ ነው፤ ወሬው ግን ወደ ፋኔስካ ዞረ።

"ግማሽ ሳህን?" አለ ሜሲያስ። "ግማሽ ሳህን ለአማብሌ ድግስ ነው። የሱ ጨጓራኮ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የገባ ወረቀት አይወጣም። እሁድ የበላው ዶሮ ሰኞ እዚያው ተቀምጦ 'ነገ ተመለሱ' እየተባለ ነው።"

"እንዴት ማለት?"

"ማለትማ ያው ነው። ዶክተር አርሴሲዮ ከቆራረጠው ወዲህ እንዲህ ነው። እራት አይበላም። ከበላ ይነፋል፣ ይነጫነጫል፣ ያኔ እንዳትጠጋው። በዚያ ሰዓት እናቱም ብትመጣ ይሰድባታል።"

ኤውዶሮ ባርኔጣውን አንሥቶ ሮጠ ማለት ይቻላል።

ዶክተር አርሴሲዮ ሞስኮሶ ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጡረታ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። በረንዳው ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጧል። ከወጥ ቤት የሚጠበስ ሙዝ ሽታ ይመጣል። ኤውዶሮ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። አፉን ለሰላምታ ሲከፍት ከሱ ቀድሞ ሆዱ ተናገረ።

"ሰማህ?" አለ ሽማግሌው ሐኪም ደስ ብሎት። "ይሄን ያናገረው ጭንቅላትህ ነው። ሽታው ገና አፍንጫህ ሲገባ፣ በአንገትህ በኩል የሚወርዱ ሁለት ረጃጅም ነርቮች አሉ፣ በነሱ 'ምግብ እየመጣ ነው ተነሥ' ብሎ ላከበት። ጨጓራህም አንዲት ጉርሻ ሳይወርድለት አሲዱን ማፍለቅ ጀመረ። ለዚህ ነው ባዶ ሆድህን ስትናደድም የሚያቃጥልህ። ያቃጥልሃል አይደል?"

"ዘጠኝ ዓመቴ።"

"ፊትህ ያስታውቃል። ምግቡ ሲደርስ ደግሞ በዚያው ነርቭ ትእዛዝ መጀመሪያ ላላ ብሎ ይቀበላል። ከዚያ ይጨምቃል፣ ይፈጫል፣ በጠባቧ በር ጥቂት ጥቂት እያደረገ ወደ አንጀት ይሸኛል። አንጀቱም ዝም ብሎ ተቀባይ አይደለም። ቅባት ሲበዛበት 'ቀስ በል፣ አላደረስኩም' ብሎ መልሶ ይልካል። ስንት መልእክት እንደሚመላለስ ብታውቅ ምግብ ባየህ ቁጥር ታማትብ ነበር።"

"ዶን አማብሌስ?"

ዶክተር አርሴሲዮ ወንበሩን ወደ ኤውዶሮ አዞረ።

"ከሠላሳ ዓመት በፊት ቁስለቱ ደም አስተፋው። ዛሬ ያለው ኪኒን ያኔ የለም። አሲዱን ለማቆም የነበረን መላ መልእክት አድራሹን ነርቭ መቁረጥ ነው። ሁለቱንም ቆረጥኩ። የበሩንም መውጫ አስፍቼለት ነበር፤ ጠባሳ ሠርቶ መልሶ ጠበበ። 'ድጋሚ ልክፈትህ' ብለው 'አንዴ ገብተህበታል፣ ይበቃል' አለኝ። አሲዱ ቀነሰ፣ ሰውየው ዳነ። መፍጨቱ ግን አብሮ ሄደ።"

"ሐሙስ በሰባት ሰዓት የበላው ፋኔስካ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ምን ይመስላል?"

"ፋኔስካ ነዋ። ዓርብ ጠዋትም ብትከፍተው ግብጦውን ቆጥረህ ታወጣ ነበር።"

ኤውዶሮ ወንበሩ ላይ ተደገፈ። ደስ ሊለው ሲገባ የባሰ ዞረበት። ጨጓራው ምንም አልመሰከረም ማለት ነው። ከቀትር እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ሁሉም ሰዓት ክፍት ሆነ። ሶይላም ነፃ አልወጣችም፤ ብቻ ተጠርጣሪዋ እሷ ብቻ መሆኗ ቀረ።

"አንድ ወረቀት ሰጥቼው ነበር" አለ ሐኪሙ፣ ወንበሩን ወደ ወጥ ቤቱ እያዞረ። "ክልክል የሆነበትን። ቆዳና ዘር ያለው ፍሬ ሁሉ። በተለይ በለስ። እንዲህ ያለ ጨጓራ ውስጥ ተጠቅልሎ ድንጋይ ይሆናል። በየዓመቱ ከፋሲካ በፊት መጥቶ ሆዴን ይለኛል፣ በለስ በልተሃል እለዋለሁ፣ አልበላሁም ብሎ ይምላል። ዓይኑን እያየሁት።"

ኤውዶሮ ይህን ሰማ፤ ግን ጭንቅላቱ ዴልፊን ላይ ስለነበር አላደመጠውም።

*

ሟቹ ማታ በሕይወት ከነበረ፣ የዴልፊን ሃያ ምስክር ዋጋ የለውም። ኤውዶሮ በዚያው ምሽት ዴልፊንን ጣቢያ አስጠራው። ቶራል በሩ ላይ ቆሟል።

"ከአስራ ሁለት ሰዓት በኋላ የት ነበርክ?"

"ሰባቱን አብያተ ክርስቲያናት እየዞርኩ። እንደማንኛውም ክርስቲያን።"

"ቁጠራቸው።"

"ካቴድራሉ፣ ሳን ብላስ፣ ካርመን..." ዴልፊን በጣቱ እየቆጠረ ስድስተኛው ላይ ደረሰና ቆመ።

"ሰባተኛው?"

"ሰባተኛው... ያው ሰባተኛው ነው።"

"ዴልፊን፣ አጎትህ ሞቷል። አንዲት ሴት ነገ ወህኒ ልትወርድ ነው።"

ዴልፊን ላቡን በቀሚሱ እጅጌ ጠረገ። ወደ በሩ አየ። በሩ ላይ ያለው ቶራል ጉሮሮውን ጠረገ።

"አለቃ" አለ ቶራል፣ ጫማውን እያየ። "ሰባተኛው የኔ ጓሮ ነበር።"

"ምን?"

"ከአስራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ፣ እስከ ሦስት ሰዓት። አራት ሆነን። በቀረፋ የፈላ አረቄ ነበረችን። መጠጥ በሕማማት ሳምንት መከልከሉን አውቃለሁ፣ ማስታወቂያውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ግን ብርድ ነበር አለቃ። ዴልፊን ደግሞ ነገ ክርስቶስን ልሸከም ነው ብሎ ሲያለቅስ አመሸ።"

ኤውዶሮ ሁለቱንም ለረጅም ጊዜ አያቸው። ስድብ ሁሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ የትኛውን እንደሚያስቀድም ግራ ገባውና "ውጡ" ብቻ አለ።

በውስጠኛው ክፍል ሶይላ ሳታለቅስ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ብላለች። ሽርጧን አጥፋ አጥፋ አንድ መዳፍ አሳክላዋለች። ኤውዶሮ ብርድ ልብስ ሰጣት። ሌላ የሚሰጣት አልነበረውም።

*

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ዶኛ ኤርሜሊንዳ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። በዚህኛው ቀን ፊቷ አመድ መስሏል።

"ገና አለቀቅካትም?"

"ስድስት ሰዓት ላይ ዳኛ ፊት ትቀርባለች።"

"እንግዲያው ጻፍ። ልክ አንድ ሰዓት ላይ አማብሌ በሕይወት ነበር። ደረጃው አናት ላይ ቆሞ ነበር። ፊቱን ወደዚህ አዙሮ።"

"ጻፍኩ ዶኛ ኤርሜሊንዳ። ይሂዱና ይረፉ።"

ለመሄድ ጊዜ ወሰደባት። በሩ ላይ ሆና አንዴ ዞር አለች፣ የምትለው ያለ መሰለ፣ ከዚያ ወጣች።

ኤውዶሮ ሦስቱን የቃል ወረቀቶች በረድፍ ዘርግቶ ተቀመጠ። በመስኮት። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ። ደረጃው አናት ላይ ቆሞ። ከመስኮት ደረጃው አይታይም፤ ይህን ያወቀው ያኔውኑ ነው። አሮጊቷ በመጣች ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ሞቱ ትጠጋለች። ደረጃው አናት ላይ የወደቀውን ቁልፍ ከእሱና ከቶራል በቀር ያየ ሰው የለም።

ከዚያ የዶክተር ፒየድራን ወረቀት አወጣ። "ከላይ፣ ሦስት ሙሉ ጥቁር ጣፋጭ ፍሬ፣ ከነዘራቸው" ይላል። ሶይላ የሠራችው ሩዝ በወተት ነው፤ እሱንም አልነካም። በዚህ ሳምንት በጥቁር ስኳር ተቀቅሎ ከአይብ ጋር የሚበላው ጥቁር ፍሬ አንድ ብቻ ነው። ትንሽዋ ማንኪያ። ጉንዳኖቹ የከበቡት የሳህን ክብ። አረንጓዴ በለስ ሲላጥ ወተቱ ጣት ያጠቁራል፤ ይህን እናቱ በየዓመቱ ስታማርር ሰምቶ ያደገ ሰው የአሮጊቷን ጣቶች እንዴት ልብ አላለም?

ሐኪሙ የከለከለውን፣ ሆዱን የሚያሳምመውን፣ ሰው ለምን ይበላል? እምቢ ሊላት የማይችላት ሰው ሰጥታው ካልሆነ።

*

ዶኛ ኤርሜሊንዳ ቤቷን ጠርጋ፣ ሻሏን ለብሳ፣ ትንሽ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ በለስ የሞላበት ድስትና አንዲት ሰማያዊ ሳህን አሉ።

"ምነው ዘገየህ" አለችው።

"ሳህኗን ይዘው ሄዱ፣ ማንኪያዋን ረሱ።"

"ሳህኔ ብቻ ናት ትዝ ያለችኝ።" ሳህኗን ወደሱ ገፋ አደረገቻት። "ሦስት ጊዜ መጣሁልህ። እናንተ ሆዱን ጠየቃችሁ እንጂ እኔን የጠየቀኝ የለም። በሕይወት ነበር ካልኳቸው ልጅቷን ይለቋታል፣ ሌላውን ለፈጣሪ እነግራለሁ ብዬ ነበር። አልለቀቃችኋትም።"

"ምን ሆናችሁ?"

"ምን እንሆናለን። በየዓመቱ ሐሙስ ማታ በለስ አመጣለታለሁ፣ ይበላል፣ ከዚያ ሰባቱን አብረን እንዞራለን። ሠላሳ ዓመት። ከተማው ይስቅብን ነበር፣ አውቃለሁ። ትናንት ወዲያ በላ። ዝም ብሎ በላ። ከዚያ 'ባርኔጣ ላምጣ' ብሎ ወደ መኝታው ወጣ፣ ቀረ። ተከትዬ ወጣሁ። ደረጃው አናት ላይ ሆዱን ይዞ ቆሟል፤ አልፌው ፊት ለፊቱ ቆምኩ። 'አልሄድም' አለኝ። 'ለምን?' አልኩት። 'ይሄ በለስሽ ሠላሳ ዓመት ገደለኝ፣ ስለምታሳዝኚኝ ነው የምበላው' አለኝ።"

ድምፅዋ አልተለወጠም። እጆቿ ግን ሻሉን አልለቀቁም።

"ደረቱን ይዤ ገፋሁት። መግፋቴን ያወቅኩት ሲወድቅ ሰምቼ ነው። ወረድኩ። ዓይኑን ከደንኩ። የሚወደውን ባርኔጣ አደረግኩለት። ከዚያ ሳህኔን ይዤ፣ አየህ፣ ብቻዬን ሰባቱንም ዞርኩ። ሰው ሲጠይቀኝ 'አማብሌ አሞታል' አልኩ።"

ኤውዶሮ ገዳይ ሲይዝ የሚሰማው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር፤ ይህ ከሆነ ባይሰማው ይመርጥ ነበር። ሻንጣዋን አነሣላት። ግቢውን አቋርጠው የዶን አማብሌን በር ሲያልፉ እሷ ቆመች።

"ሐኪሙ ሆዱን ከፍቶታል አሉ።"

"አዎ።"

"በለሱን አገኘው?"

"አግኝቶታል።"

"ስንቱን?"

"ሦስት።"

"ሦስት ነው ያደረግኩለት" አለች፣ በሩን እያየች። "ካሳዘንኩት አንዱን በልቶ ሁለቱን ይተው ነበር። ለምን ጨረሰው?"

ኤውዶሮ የዚህን ጥያቄ መልስ ከትናንት ጀምሮ ይዞታል፤ በሶይላ የቃል ወረቀት ላይ፣ በራሱ እጅ ጽሕፈት ተጽፏል። መንገሩ ምሕረት ይሁን ጭካኔ መለየት አቃተው። ቢሆንም ነገራት።

"ምሳ ላይ ፋኔስካውን ግማሽ ሳህን ብቻ ነው የበሉት። በየዓመቱ እንደዚያ ያደርጉ ነበር አለች ሶይላ። 'ቦታ ልተው' ይሉ ነበር።"

ዶኛ ኤርሜሊንዳ የዶን አማብሌ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ኤውዶሮ ሻንጣዋን መሬት አስቀምጦ ከጎኗ ቆመ። አምስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር፤ ሶይላን ለማስፈታት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ አላጣደፋትም።